ነጭ ቀለም የላስኩበት ጾም

መጀመሪያ የመጣው የሆድ ቁርጠት ነው። የዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት ነበርና ባቄላው ነው አልኩ። ባለቤቴ አስካለ ወጧ ሲታማ አትወድም፤ «ኮሶ ነው የያዘህ» ብላ ፈረደች። ኮሶውን ተጋትኩ። ኮሶ የጠጣ ሰው ወዲያው ወደ ጓሮ ይሮጣል። እኔ አልሮጥኩም። አራት ቀን ሙሉ ሆዴ እንደተቆለፈ ሳጥን ዝም አለ፤ ቁርጠቱ ብቻ እየተመላለሰ ያጣጥፈኛል።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የስፌት መኪና ነበረችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን መኪናዬን ሸፍኜ ተማሪ እሆናለሁ። የሰፈራችን አረጋዊ ጸሐፊ የኔታ ጥበቡ ለእንደኔ ዓይነቱ ጎልማሳ ጀማሪ ቁም ጽሕፈትና ሥዕል ያስተምሩ ነበር። ሦስት አራት ሆነን ቁርበት ላይ እንቀመጣለን። ጸሐፊ ልንሆን አይደለም፤ ደስ ስለሚለን ብቻ ነው። ሰው ጎረቤቱን ፈርቶ በሹክሹክታ በሚያወራበት በዚያ ዘመን፣ አንዲት ፊደል አቃንቶ ለመጻፍ መታገል ልብ ያሳርፍ ነበር። የእኔን ሲያዩ የኔታ «ደምሴ፣ ይኼ ‹ሀ› ነው ወይስ እግሩ የተሰበረ በርጩማ?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ።

የኔታ የመቃ ብዕራቸውን ቀለም ከማስነካታቸው በፊት ጫፉን በምላሳቸው ያረጥቡታል። ጥቁሩን ቀለም ራሳቸው ከጥላሸትና ካረረ እህል ያዘጋጁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ልሰውት ጉንፋን እንኳ አልያዛቸውም። እኛም ከፊደል በፊት የተማርነው መላስ ነው።

በጾሙ መግቢያ ላይ አንድ ጣሊያን ቤት ቀቢ ሱሪውን ብጠግንለት አንድ ጣሳ ነጭ የዱቄት ቀለም ሰጠኝ። በውሃና በሙጫ በጥብጬ የመላእክት ክንፍ መሳል ጀመርኩ። ሌሎቹ ተማሪዎች ጥቁሩ ላይ ቀሩ፤ እኔ ነጩን ቤቴም ወስጄ በየቀኑ እለማመድበታለሁ። ብሩሹ በላስኩት ቁጥር ይሾላል። ደግሞ ጣፈጥ ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ነው።

ጣፈጥ ማለቱ ግን አሳሰበኝ።

«የኔታ፣ ቀለም መላስ ጾም ይሽራል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ሁለት እሑድ ተከራከርንበት። በመጨረሻ የኔታ «ሙጫው ከምንድን ነው? ከቆዳ ከሆነ የፍስክ ነው» አሉ።

«ከግራር ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው የጾም ነው። ቢሆንም በአዘቦት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳትልስ።»

እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ብሩሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እልሳለሁ።

ቁርጠቱ በጀመረ በሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መቀስ አነሳሁ። መቀሱ ወደቀ። እንደገና አነሳሁ። ወደቀ። የቀኝ እጄ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠለጠለ። ጣቶቼን ቀና በሉ አልኳቸው። አልሰሙኝም። አያመኝም ነበር። ዝም ብሎ የእኔ አልመስል አለ። ልብስ ሰፊ እጁን ካጣ ምን ይቀረዋል? ፈራሁ። አስካለ መጥታ እጄን አየች። የወደቀውን መቀስ አንስታ መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ገሚሱ ቡዳ ነው አለ፣ ገሚሱ ጠበል ይሂድ አለ። አስካለ ሁሉንም አመስግና ሸኘችና በማግስቱ ጣሊያኖች ወደከፈቱት ክሊኒክ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ሆዴን ነካካ። ከንፈሬን ወደ ላይ ገልጦ ድዴን አየ። ጥርሴ ሥር ጥቁር ሰማያዊ መስመር ተሰምሮ ነበር። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀኝ።

«ቀለም ትነካለህ?»

«እስላለሁ፣ ጌታዬ።»

«ብሩሹን አፍህ ውስጥ ትከታለህ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ» አልኩ ኮራ ብዬ።

አስተርጓሚው እያየኝ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ነገሩን ለሐኪሙ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሐኪሙ ሲገባው መነጽሩን አወለቀ።

«ሳቱርኒዝሞ» አለ። የእርሳስ መመረዝ ማለት ነው። ነጩ ዱቄት ጣሊያኖቹ ቢያካ የሚሉት ነው፤ የሚሠራው ከእርሳስ ነው፣ ጥይት ከሚሠራበት ከዚያው እርሳስ። እንግዲህ ሌላው አበሻ የጣሊያንን እርሳስ የቀመሰው ጫካ ገብቶ እየተዋጋ ነው፤ እኔ ቁርበት ላይ ተቀምጬ፣ ለዚያውም ወድጄ፣ ላስኩት።

«እጄስ?» አልኩ።

«ነርቩ ተጎድቷል። መላሱን ካቆምክ ሊመለስ ይችላል፤ ወራት ይፈጃል። ላይመለስም ይችላል።»

ሆዴን እንዲከፍትልኝ ሳሌ ኢንግሌዜ አዘዘልኝ፤ የእንግሊዝ ጨው ማለት ነው። እንግሊዝን ሲረግም የሚውል ጣሊያን ያዳነኝ በእንግሊዝ ጨው ነው። ይህ ጨው ደግሞ እንደ ኮሶው አይደለም፤ ያን ቀን ጓሮውን አልተለየሁትም። እጄን በስስ ጣውላ ደግፎ አሰረልኝና በየቀኑ ወተት ጠጣ አለኝ።

ወተት፣ በዐቢይ ጾም! የኔታ ሊጠይቁኝ መጡ። ጣውላ የታሰረበትን እጄን ይዘው እንባቸው ወረደ። «ሁለት እሑድ ሙሉ ጾም ይሽራል አይሽርም ስንል፣ ሰው ይገድል እንደሆን አንዳችንም አልጠየቅንም። ወተቱን ጠጣ ልጄ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉኝ። ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። አስካለ በቀን ሦስት ጊዜ እንደ ሕፃን እያጎረሰችኝ፣ በመሀል ደግሞ መኪናው ላይ ተቀምጣ እኔ በአፌ እየነገርኳት ትሰፋ ጀመር፤ ሰኔ ሲገባ ደንበኞች «የወይዘሮዋ እጅ ይሻላል» ማለት ጀምረው ነበር፣ እኔም ቅናትና ምስጋና እየተቀላቀለብኝ ቁልፍ በግራ እጄ እመርጥላታለሁ። አመልካች ጣቴ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ብድግ አለች፤ ተጠራርተን እያየናት አስካለ እልል አለች። ክረምቱ ሲያልቅ አንጓዬ ቀና አለ፣ ለመስቀል መርፌ ላይ ክር አስገባሁ።

ብሩሽ ለምትይዙ ሁሉ የምለው ይኼ ነው፦ የሾለ ጫፍ ከፈለጋችሁ ጨርቅ አለ፣ ውሃ አለ። ያልሠራችሁትን ቀለም በምላሳችሁ አትመኑት። እጅ ሲዝል፣ ሆድ ሲቆለፍ፣ ኮሶ ከመጠጣት በፊት ድዳችሁን ለሐኪም አሳዩ። ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ያን ሐኪም ከእነማን ጋር እንደመጣ ባልረሳም አመሰግነዋለሁ።

አስካለን እንዴት እንደማመሰግን ግን ጨነቀኝ። በጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ የኔታ ዘንድ ተመለስኩና ቁራጭ ብራና ተቀበልኩ።

«በቀይ ልጻፍ» አልኳቸው።

«ቀይ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። የማንን ልትጽፍ ነው?»

«የአስካለን።»

ለመከራከር አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጄን አዩት። ቀዩን ቀለም አስጠጉልኝና «ብዕሩን በጨርቅ ጥረገው» አሉኝ፣ እሳቸውም ጨርቅ ይዘው። አራት ፊደል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያዋ «አ» ትንሽ ታነክሳለች።

ቤት ገብቼ ብራናውን ዘረጋሁላት። ማንበብ አታውቅምና ስሟ እንደሆነ፣ ቀዩም ለማን እንደሚጻፍ ነገርኳት። ብዙ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምላስህን አውጣ» አለችኝ።

አወጣሁ። ወደ ብርሃኑ አዙራ በደንብ መረመረችው። ንጹሕ መሆኑን ስታረጋግጥ ብራናውን ከእጄ ተቀበለችኝ።