የጋሼ ይስማው ሦስተኛ መርገጫ

በእንጅባራ፣ በጥሊሊና በዳንግላ ለምታውቋቸው ሁሉ፦ መካኒኩ ጋሼ ይስማው አርፈዋል። የሰማችሁ ሰምታችኋል። መንገድ ተዘግቶባችሁ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶባችሁ ያልሰማችሁ መርዶውን በእኔ ጽሑፍ በማግኘታችሁ ይቅር በሉኝ። የእንጅባራ ጭጋግ ሳይገለጥ ቀበርናቸው። ከዳንግላ ሊመጡ የነበሩ ወዳጆቻቸው አልደረሱም።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። የምጽፈው ከሌላው ይልቅ ስለምችል ሳይሆን፣ በመጨረሻው ሥራቸው ጊዜ አጠገባቸው ስለነበርሁ ነው።

እንደምታስታውሱት የጋሼ ግራ እግር አይታጠፍም ነበር። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ካምቢዮ ከክሪክ ላይ ተንሸራቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። መንዳት ደግሞ ነፍሳቸው ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ሆነና ዓመታት ሰው ሲነዳ እያዩ ኖሩ። በኋላ ከአንድ ከተዘጋ ፕሮጀክት የተረፈች አሮጌ የናፍጣ መኪና አግኝተው ገዙ። አውቶማቲክ ነበረች፤ ሁለት መርገጫ ብቻ ያላት፣ ቀኝ እግር የሚበቃት። እኛ ሹፌሮች «የሰነፍ መኪና» እያልን አሾፍንባቸው። እሳቸው «ሰነፍም ቢሆን ይደርሳል» ብለው አለፉን።

ደረሱም። አንድ ቦታ ወፍጮ ቆመ ሲባል በዚያ የክረምት ጭቃ ይሄዱና፣ ከገበሬው ጋር በአዊኛ እየተጨዋወቱ ሞተሩን ያስነሱ ነበር። ሲመለሱ የኋላ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ወይ ትኩሳት የጣለው፣ ወይ ምጥ የያዛት ይኖርበታል። የእኔን ባለቤት ከጥሊሊ በምጥ ላይ ሳለች ያመጧት እሳቸው ናቸው። እኔ ዳንግላ ነበርሁ። ያቺ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች።

ከዚያ የመኪናዋ ካምቢዮ ደከመ። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትወጣም። መለዋወጫው ባሕር ዳር የለም ተባለ፤ አዲስ አበባ አለ የተባለውም ሲፈለግ ታጣ። ጋሼ ወራት ከጠበቁ በኋላ ተገልብጣ ዳንግላ አንድ ግቢ ውስጥ ከቀረች ተመሳሳይ መኪና በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ፈትተው አመጡ። አውቶማቲኩን አውጥተው ይህንን ሊያስገቡ ነው። የሰፈሩ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያለ ተረተባቸው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ከገባ እርስዎ እንዴት ሊነዷት ነው?» አልኋቸው።

«አንተ ትነዳታለህ። እኔማ ከጎን እቀመጣለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም የዘወትር ቃላቸውን ጨመሩበት፦ «መኪና ቆማ ከምታረጅ ሄዳ ትሰበር።»

ከመኪናዋ ሥር ማዳበሪያ አንጥፈው ይገባሉ፤ የማይታጠፈው እግራቸው ብቻ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይታያል። አላፊ አግዳሚው «ደህና ዋሉ ጋሼ» ብሎ ለእግራቸው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል፤ እሳቸውም ከሥር ይመልሳሉ። ወለሉን በስተው የማርሽ ዘንጉን አወጡ። ሦስተኛውን መርገጫ፣ የፍሪሲዮኑን፣ አሰሩ። እዚህ ላይ ግን ሥራው አላልቅ አለ። የመርገጫውን ክንድ ይቆርጣሉ፣ ያስረዝማሉ፣ ይበይዳሉ፤ እኔን አስረግጠው ደግሞ ይፈቱታል። ለእኔ ገና ድሮ ልኩን አግኝቷል። «ሲረገጥ ቀላል ነው እኮ ጋሼ» ስላቸው «ገና ነው» ብለው ወደ ብየዳቸው ይመለሳሉ። የሽማግሌ ነገር አልሁና ተውኋቸው።

የቀረው ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ነበር። አጠረና እንዲረዝም ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ላኩት። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተዘጋ።

ጋሼን ደረታቸውን ያመማቸው በዚህ መካከል ነው። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ ባሕር ዳር ይሂዱ አሉን። ሚኒባሴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ በየት በኩል ልውሰዳቸው? ዘንጉን እዚያ ያስቀረ መንገድ እሳቸውን እዚህ አስቀራቸው።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ስለ ደግነታቸው ሳወራ፣ ለሰው ብለው የራሳቸውን መንዳት ተዉ አልሁ። ባለቤታቸው እትዬ አዲሴ ካቀረቀሩበት ቀና አሉ።

«አልተወም ልጄ» አሉኝ። «አመሻሽ ላይ እናንተ ስትሄዱለት መኪናዋ ውስጥ ይገባና ያንን መርገጫ ይሞክር ነበር፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ተጭኖ። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው። አንድ ቀን እስከ ታች ወረደለት። ጠርቶ አሳየኝ፤ እንደ ልጅ ነበር የሳቀው።»

ከዚያ ወዲህ የማጽናኛ ቃል አይገባልኝም። የእግዜር ፈቃድ ነው ለሚሉኝ አሜን እላለሁ፤ ውስጤ ግን እሺ አይልም። ዘንጉ አልመጣም። ቶርኖ ቤቱም ተዘግቷል ይላሉ። ቢመጣስ የሚገጥመው ማን ነው? ወፍጮ ሲቆም የሚጠራ ሰው የለንም። ጥሊሊ ላይ ዛሬ ምጥ የሚይዛትን ሴት ማን እንደሚያመጣት አላውቅም።

ጋሼ፣ እንግዲህ በሰላም ያሸልቡ። ለሙት አይዋሽምና መኪናዋ ትሄዳለች አልልዎትም። ግቢዎ ውስጥ እንደቆመች ነው፤ ጎማዋም እየተነፈሰ ነው። ትናንት እትዬን አስፈቅጄ ገባሁና መርገጫዎን ረገጥሁት። እንደዚህ የለዘበ ፍሪሲዮን በሹፌርነት ዘመኔ ረግጬ አላውቅም፤ ለማን ብለው እንዳለዘቡት አሁን ገብቶኛል። ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ ኖሮ። ከጎን የምቀመጠው እኔ ነበርሁ።