ያሳመርኩለት መልስ

አባዬ መጀመሪያ የጠፋበት ቃል «መነጽር» ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤታችን፣ ጠረጴዛው ላይ እያየው «ያንን... ያንን አቀብይኝ» አለኝ። ደብረ ብርሃን ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። እርጅና መጣ ብዬ ሳቅኩበት።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጽሐፍ ይጽፋል፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስለኖረች አንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ የመጨረሻ ዓመታት። ሴትዮዋ በስተርጅና አእምሮዋ ደከመ። ስትሞት ልጇ ያሳፈረውን ደብዳቤ አቃጥሎ የቀረውን አርሞ አሳተመ። አባዬ ይህን ሲያነሳ ደሙ ይፈላል። «እንዴት ሰው እናቱን ያርማል!» ይላል።

በሳምንቱ ራስ ምታት ጀመረው። ሰኞ ፒችትሪ ኮርነርስ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ፤ የሚለው አልገባኝም። በርሬ ሄጄ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀው በአማርኛ መለሰ። አስተርጓሚ ላስመጣ ወይ አለችኝ። «አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩ።

«አሁን የት ነው ያሉት?» አለችው።

«መምህራን ክፍል» አለ አባዬ። «ደወሉ ሊደወል ነው።»

«አትላንታ፣ ክሊኒክ» ብዬ ተረጎምኩ።

«ወሩስ?»

በጣቶቹ መቁጠር ጀመረና ተወው። ወሩን እኔ ነገርኳት።

ዋሸሁ። አፍሬ ነው የዋሸሁት። ያ አንደበተ ርቱዕ መምህር በባዕድ ፊት ሲዋረድ ማየት አልቻልኩም። ገበናውን የሸፈንኩለት መሰለኝ።

ሐኪሟ የራስ ምታት መድኃኒት አዘዘችለት። ጃኬቱን ላለብሰው ተነሳሁ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ። ዓይኑን አየሁት። ፈርቷል። ያን ጊዜ እናቱን ያረመው የደራሲዋ ልጅ ትዝ አለኝ።

ሐኪሟን ጠራኋት። «ዋሽቻለሁ» አልኳት። ያለውን ሁሉ እንዳለ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። አምቡላንስ ጠራች።

ሆስፒታል የተነሳው ሲቲ ስካን ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ አሳየ፤ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ደም ነው። ከወር በፊት የመኪናው የኋላ በር አናቱን መትቶት «ምንም አይደል» ብሎኝ ነበር። «ደሙ ዛሬውኑ ካልወጣ ሊሞት ይችላል» አለኝ ቀዶ ሐኪሙ። የራስ ቅሉን በሱት። ጠበቅኩ። ጸለይኩ። ራሴን ረገምኩ።

በማግስቱ ዓይኑን ገለጠና «መነጽሬስ?» አለ። አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ወራቱ ረጅም ነበሩ፤ ሚድታውን ያለች የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ በየሳምንቱ እየተመላለስን፣ የሥዕል ካርድ እያየ «ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ» እያለ እንደ ተማሪ ሲለማመድ፣ ሲሳሳት እየተናደደ፣ ሲያገኘው እየሳቀ፣ እንግሊዝኛውም ዘግይቶ ተመለሰለት። ያቺን የክሊኒክ ሐኪም እግዚአብሔር ይባርክልኝ፤ ተመልሼ ስነግራት አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ወላጃችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። እናንተው ከተረጎማችሁም የተሳሳተውን መልስ እንደተሳሳተ አድርሱት፤ ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ የሰው በሽታ ደበቅኩ።

ቀኝ እጁ ገና ስለሚደክም የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት «ደራሲዋ ደብረ ብርሃን አረፈች» አለኝ። እጄ «ለንደን» ሊጽፍ ዳዳው። ያዝኩት። ያለውን ጻፍኩና አነበብኩለት።

ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እስክሪብቶውን አምጪ» አለ። በዚያው በሚደክም እጁ፣ ራሱ ሰረዘው።