ነጭ ሾርባ በወተት ጣሳ

አባዬ ሾርባ አይወድም ነበር። አይወድም ስል አይጥመውም ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ይንቀው ነበር። ለእሱ ሾርባ ማለት ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ወይም ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ የሚጠጣው ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በታይፒስትነት የተቀጠርኩ ጊዜ ደስ ብሎት፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የሚያነጥፍ ምግብ ቤት ወስዶኝ ነበር። እሱ ጥብስ አዘዘ። እኔ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነጭ ሾርባ አዘዝኩ። ክሬም የገባበት፣ ወፈር ያለ፣ ከላዩ ላይ ቅቤው የሚያብረቀርቅ ሾርባ ነበር። አባዬ እኔንም ሳህኑንም አየና፣

«ውሃ በማንኪያ ልትጠጪ ነው ሜክሲኮ ድረስ ያመጣሁሽ?» አለ።

አስተናጋጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ሳቅ ገና በቀላሉ ይመጣልኝ ነበር።

በዓመቱ ወሰዱት። ለምን እንደወሰዱት ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ በዚያ ዘመን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ለመወሰድ ይበቃ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ያለችው ቤታችን ውስጥ እማዬና እኔ ቀረን። የመጀመሪያውን ሰሞን አለቀስን። ከዚያ እንባውም አለቀና እኔ ደነዘዝኩ። ጥርስ ለማስነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ሲነካው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስለዋል፤ እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ። ቢሮ እገባለሁ፣ ታይፕ አደርጋለሁ። ስብሰባ ሲባል እሰበሰባለሁ፣ ሲጨበጨብ አጨበጭባለሁ። የምበላው ሁሉ ጣዕሙ አንድ ሆነብኝ። እማዬ ወጡ እንዴት ነው ስትለኝ «ጥሩ ነው» እላለሁ፤ ሽሮ ይሁን ምስር ግን ዓይኔ እንጂ ምላሴ አይለየውም።

ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት መንገዱ ይከብዳታል፤ እኔ በምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ እሮጣለሁ። የእስር ቤቱ በር ደንብ ቀላል ነው። ሴቶች ተሰልፈን እንቆማለን። ተራሽ ሲደርስ የያዝሽውን ከፍተሽ ጠባቂው ፊት ትቀምሻለሽ፤ መርዝ እንደሌለበት የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ የትናንቱን ዕቃ ይመልስልሻል። ጥየቃም ደብዳቤም አልተፈቀደልንምና ዜናችን ባዶ ዕቃ ነበር። ዕቃው ባዶ ከሆነ ሰውሽ አለ፣ በልቷል ማለት ነው። ሌላም ዜና ነበር፤ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የሚባል። እንዲህ የተባለች ሴት ለምን ብላ አትጠይቅም። ያመጣችውን እንደያዘች ዞር ትላለች። እኛ ከኋላዋ የተሰለፍነው አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንጠጋለን።

ሁዳዴ ሲጋመስ አንድ ከእስር የተለቀቀ ሰው ቤታችን መጣ። ከአባዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ አለ። እማዬ ወንበር ብትስብለት አልቀመጥ አለ፤ ዓይኑ ከበሩ ላይ አይነሳም።

«እሳቸው ደህና ናቸው» አለ በጥድፊያ። «ሾርባ ላኩልኝ ብለዋል። ልጃቸው ሜክሲኮ የበላችውን ዓይነት፣ ነጩን። ግን ቅቤና ክሬም እንዳይገባበት። ቅባት ለሆድ አልተስማማም።»

«ታሟል?» አለች እማዬ።

«አይ፣ እንዲህ በሏቸው ያሉኝ ይኼንኑ ነው እናቴ» አለና ወጣ። ዳግመኛ አላየነውም።

እማዬ በሩን ዘግታ እዚያው ቆማ ቀረች። «ሾርባ? እሱ? ያውም በሁዳዴ፣ ወተት ያለበት?» አለች። ታይፎይድ የያዘው ጊዜ እንኳን ዓርብ ቀን ወተት አልጠጣም ብሎ ሐኪሙን ያስቸገረ ሰው ነው። «ሊሞትብኝ ነው። አንጀቱ አልቋል፤ አለዚያ ይኼን አይጠይቅም» አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ልደታ፣ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደች።

እኔም ፈራሁ። ግን ፍርሃቱም ከሩቅ ነበር። ቀረብ ብሎ የተሰማኝ ሌላ ነው። «ልጃቸው የበላችውን» ብሏል ሰውየው። አባዬ እዚያ ሆኖ ያንን ጠረጴዛ አስታውሷል ማለት ነው፤ አስታውሶኛል። ከደነዘዝኩ ወዲህ ሞቅ ያለኝ ያን ዕለት ብቻ ነበር።

እማዬ መልስ ይዛ መጣች። ለታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም፤ ልጅቷም በር ላይ የምትቀምሰው ተገዳ ነውና እንደ ጥሉላት አይቆጠርባትም ተብሏል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኚያ ቄስ በዚያ ዓመት ስንት ሴት እንደጠየቀቻቸው እንጃ፤ እማዬ እንዳለችው ግን ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደባቸውም።

ምግብ ቤቱ ሾርባውን እንዴት እንደሚሠራው አላውቅም ነበር። ቅቤና ክሬም ይወጣለት ከተባለ የሚቀረው ነጭነቱና ውፍረቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ውፍረቱን ከድንች አገኘሁት። ድንቹን ከባሮ ሽንኩርት ጋር እስኪፈርስ ድረስ እቀቅልና በእንጨት ማንኪያ ደፍጥጬ በማጥለያ አሳልፈዋለሁ። ነጭነቱ ከወተት ነው። ወተት እንደ ልብ አይገኝም፤ ከጀርባችን ላም ያላቸው ሴትዮ ለሕፃናት ቅድሚያ ሰጥተው የተረፈውን ይሸጡልን ነበር። ማታ አፈላውና አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ከላዩ የረጋውን ስልባቦት ገፍፌ ቀጭኑን ብቻ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ወተቱን በሚፈላው ላይ ገለበጥኩትና ተበጣጥሶ አይብ የመሰለ ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ድስቱን አውርጄ፣ ትንሽ በረድ ሲል፣ ወተቱን በቀስታ እያማሰልኩ ማፍሰስ ለመድኩ። እማዬ ከጎኔ ሆና «ጨውም ቀንሺ፤ አንጀቱ ለቆሰለ ሰው ጨው ምን ይበጀዋል» ትላለች። በሁለት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ ጣል አደርግበታለሁ።

ሾርባውን የምይዝበት ዕቃ ክዳኑ ግጥም የሚል የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። በፎጣ ጠቅልዬ ከወጡና ከእንጀራው ጋር እይዘዋለሁ። ጠባቂው መጀመሪያ ቀን አንገቱን አስግጎ ጣሳውን አየ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሾርባ ነው ጓድ።»

«ሾርባ ደግሞ ነጭ ይሆናል እንዴ? ቅመሺ።»

ቀመስኩ። ትኩስ መሆኑን አወቅሁ፤ ሌላ ምንም አላወቅሁም።

በማግስቱ ጣሳው ባዶውን ተመለሰ። ባዶ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳው በእንጀራ ቁራሽ የተወለወለ ይመስል ነበር። እማዬ ጣሳውን ወደ ብርሃን አዙራ ውስጡን አየችና «ተመስገን» አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ባዶውን መጣ። ፋሲካ ሆነ፤ ዶሮውም ሾርባውም ባዶ ዕቃ ሆነው ተመለሱ። እማዬ እየዳነልኝ ነው ትል ጀመር። ለጎረቤት ሳይቀር ታወራለች፤ «ልጄ ናት በሾርባ ያዳነችው» እያለች። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ግን በየማለዳው ድንቹን ስደፈጥጥ ከአባዬ ጋር የምነጋገር ይመስለኝ ነበር።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። እኛ ሠፈር እንደሚታወቀው በዓሉ በየደጁ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ቀቅሎ ሜዳ ላይ ይበላል። የዚያን ዕለት ሾርባዬን ይዤ ሄድኩ፣ በማግስቱ ባዶ ጣሳ ተቀበልኩ። ያኑ ማግስት የወሰድኩት ግን በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ክዳኑን ስከፍተው እንደሞላ ነው፤ ላዩ ቆዳ አበጅቷል። የወጡ ሳህን ባዶ ነበር። እንጀራውም ተበልቷል። ሾርባው ብቻ ነው ያልተነካው።

እማዬ ሳህኑን አየች፣ ጣሳውን አየች። «አገረሸበት» አለች። እኔ ግን ድንቹ ነው አልኩ፤ በዓል ውዬ ደክሞኝ በደንብ አላጠለልኩትም፣ ጓጉሎ ይሆናል። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ጊዜ አጠለልኩት። ተመለሰ። አቀጠንኩት፤ ተመለሰ። በድንቹ ፈንታ አጃ አፈላሁ፤ ተመለሰ። ሽንኩርቱን አወጣሁለት፣ ካሮት ጨመርኩበት፣ ትንሽ ስልባቦት እንኳን መለስ አደረግሁበት። አንዳንድ ቀን ከላዩ ጥቂት የጎደለ ይመስለንና እማዬ ደስ ይላታል፤ ምናልባትም መንገድ ላይ የተደፋ ነው። የተመለሰውን ጾም ሲሆን ለጎረቤት ሕፃናት እንሰጣለን፤ ሌላ ጊዜ ሁለታችን ማታ ማታ እንበላው ነበር። ወተት በሰላም ጊዜም አይደፋም። እናሞቀውና ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጨርሰዋለን፤ እንዴት ነው አንባባልም። ክረምቱ በዚህ አለፈ። ሾርባ መላኩን ግን አላቆምኩም።

አደይ ሲፈነዳ አባዬን ፈቱት። ከስቷል፣ ፀጉሩ ነጭቷል፤ ግን ቀጥ ብሎ በእግሩ ነው የገባው። እማዬ እየዳበሰች «ሆድህስ? ሆድህን እንዴት አደረገህ?» ትለዋለች፤ እሱ ግራ ገብቶት «ሆዴ ምን ሆነ?» ይላል። እንኳን ለቤትህ አበቃህ የሚለው ጎረቤት እስኪያልቅ ድረስ ነገሩ በዚሁ ተዳፈነ። ሰው ሲወጣ ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ሾርባ በሳህን አድርጌ ፊቱ አቀረብኩለት። የመጀመሪያውን ዓይነት፣ በድንቹና በባሮ ሽንኩርቱ የሚሠራውን ነው።

አባዬ ሾርባውን አየው። ማንኪያውን አላነሳም።

«አንቺ ነሽ ስትሠሪው የነበርሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ሾርባ እንደማልወድ ታውቂ የለ?»

ከዚያ ነገረን። አጠገቡ የሚተኛ አንድ አስተማሪ ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ያመጡት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቅ የሚያደርስለት ሰው የሌለው። ስንቅ የሚመጣለት ለማይመጣለት ማካፈል እዚያ ደንብ ነው፤ አስተማሪው ግን ጨጓራው ስለቆሰለ የሚያካፍሉትን ወጥ መብላት አልቻለም። አባዬ ምን ይስማማሃል ሲለው፣ ቅባት የሌለው ሾርባ አለ።

«እኔ የማውቀው ሾርባ ያው ያንቺን ነው» አለ አባዬ። «ሌላ መቼ አየሁና። ስለዚህ እሱኑ አልኩ።»

«አንተስ?» አለች እማዬ። «በሁዳዴ...»

«እኔማ ጾሜን ነበርኩ።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ምንም አልሆንኩም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሾርባ እንፋሎቱ እያነሰ ሲሄድ አያለሁ።

«የልደታ ማግስት» አልኩ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። እንዴት አወቅሽ አላለኝም። «በጠዋት ስሙን ጠሩት» አለ። «ዕቃህን ያዝ አሉት፤ ዕቃ እንኳን አልነበረውም። እንዲህ ተጠርቶ የተመለሰ የለም። የአንቺ ጣሳ ቀን ላይ ደረሰ። ማንም አልነካውም። ርሃብ ጠፍቶ አይደለም፤ የሱ ድርሻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አታምጡ ብለህ አልላክህብንም?» አለች እማዬ። «እኛ እኮ እዚህ...»

«አታምጡ?» አለ አባዬ። «ያ ቃል እዚህ ቤት ቢደርስ ምን እንደምትሆኑ አላውቅም?»

 ከውጭ የሰፈሩ ልጆች ይጮኻሉ። አባዬ ሳህኑን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ይወድሽ ነበር እኮ» አለ። «ሳያይሽ። ክዳኑን ሲከፍት፣ ‹ልጅዎ ዛሬ ቸኩላለች› ይለኛል፤ ‹ዛሬ ድንቹን አሳምራዋለች› ይለኛል። አስተማሪ ነው፤ ሳያርም አይበላም።»

«የመጨረሻውንስ ምን አለው?»

«የልደታ ዕለቱን?» አባዬ ትንሽ አሰበ፤ ከንፈሩ ዳር ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣና ሄደ። «የሁልጊዜውን ነዋ። ‹ቅባቱን አልን እንጂ ጨውን ማን ቀንሺ አላት?› አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳለው ነው። ግን ጣሳውን ጠርጎ ነበር የሚበላው።»

ማንኪያውን አንስቼ ቀመስኩት። ያን ሁሉ ቀን በሩ ላይ ጠባቂው ፊት ቀምሼዋለሁ፤ ማታ ማታ ከእማዬ ጋር በልቼዋለሁ። ውፍረቱን ቀይሬያለሁ፣ ድንቹን ቀይሬያለሁ፤ ጨውን አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩትም። እውነትም አልጫ ነበር።

ተነስቼ ጨው አመጣሁ።