ከሻንጣ የወጣ እንክብል

ነርሷ የሺእመቤት በሃይዌዩ ትራፊክ ስትንገላታ አምሽታ ሊልበርን ከተማ ያለው ቤቷ ስትደርስ ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል። አባቷ አቶ ይገዙ ከሆስፒታል ወጥተው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ከስተው አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል።

ደሟ ፈላ። ለተራ ጉንፋን ብለው ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ እንክብል ያስዋጧቸው እነዚሁ ጠያቂዎች ናቸው። መድኃኒቱ ጉንፋኑን አልነካውም፤ ደህና ደህናዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን ጨርሶ ለክፉዋ ባክቴሪያ ሜዳውን ለቀቀላት።

«ያቺ ባክቴሪያ ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ?» ብላ ጮኸች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። «መርዟ አንጀት ሴል ውስጥ ይገባና ከራሱ ከሴሉ ስኳር ወስዶ፣ ቅርጹን የሚጠብቁለት ፕሮቲኖች ላይ ይለጥፍባቸዋል። ስኳር የተለጠፈበት ፕሮቲን ሥራውን ያቆማል። ሴሉ ይሟሽሻል፣ አንጀት ይቆስላል፣ ሰው በተቅማጥ ያልቃል! አባቴን ልትገድሉብኝ ነበር እኮ!»

አሞክሲሲሊኑን ያመጡት እትዬ ደጊቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ ለደግ ብዬ ነው» አሉ።

ይሄኔ የሺእመቤት በቁጣዋ አፈረች። ለአባቷ ውሃ ልታመጣ ወደ ኪችን ገባች። ስትመለስ እትዬ ደጊቱ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር እየፈቱ አባቷ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብለዋል።

«ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው፤ መርዙን ጠራርጎ ያወጣልዎታል» ይላሉ በሹክሹክታ።

አቶ ይገዙ እንክብሉን በመዳፋቸው እንደያዙ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

«ደግ ደረስሽ፤ ውሃውን አቀብዪኝ» አሉ።