ክርስትና ያነሳት ሰው
ብርቅአየሁ ቀኑን ሙሉ በመጦሪያ ቤት ሽማግሌዎች ስታነሳና ስታጥብ ውላ፣ አልቢ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ወደሚገኘው የቤተ ክርስቲያኗ የንባብ ክበብ እግሯን እየጎተተች ደረሰች። ፌበን ስለ አንድ ባሪያ የሚተርክ ልቦለድ ለሴቶቹ እያነበበችላቸው ነበር። ባሪያው ገዝቶ የገረፈውን ሰው ይቅር ብሎ ሲሞት ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ።

«እንዴት ያለ እምነት ነው!» አለች ፌበን።

ብርቅአየሁ እንባም አልመጣላት፤ ደክሟታል። አያቷን በገንዘቡ የገዛት ሰው ክርስትና ያነሳትም እሱው ነበር። ዓርብ ዓርብ ይጾማል። በአንዱ ዓርብ፣ ጾሙን ሳይገድፍ፣ የአያቷን ልጅ ሸጠባት።

ማሳረጊያው እንደ ልማዱ የትልቅ ሰው ነውና ፌበን ወደ እሷ ዞረች። «እትዬ፣ በጸሎት ይዝጉልን።»

ብርቅአየሁ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ለባሪያው ምን ብዬ ልጸልይ? እሱ ድሮም ክርስቲያን ነው» አለች። «ለገዛው ሰውዬ ጸልዩ። እሱ ገና አልተጠመቀም።»