ደወል ገጣሚው ጊታር የፈታ ዕለት

ደወል ገጣሚው በሰው በር ላይ ደወል መትከል ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን እንደዚያ ቅዳሜ ሥራ አስደስቶት አያውቅም። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ጊታር ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከክሮቹ ሥር የተደረደሩት ሦስት ድምፅ ለቃሚዎች፣ ጊታረኞቹ ፒክአፕ የሚሏቸው፣ ሽቦዎቻቸውን እንደ ጢም አንዠርግገዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ነው። የሚስቱ ወንድም በሙያው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተበተነው የሙዚቃ ባንዱ እንደገና ተሰባስቦ፣ ቅዳሜ በዐሥር ሰዓት አዳራሽ ሊጫወት ቀጠሮ ይዟል። ልምምድ ላይ ግን የትኛው ፒክአፕ እንዲሠራ የምትመርጠው ያረጀች ማብሪያ ድምፁን እየቆራረጠች አሳፈረችው። ምትክ ፍለጋ ያልገባበት ሱቅ የለም።

«ለአንዲት ማብሪያ ይሄን ያህል ትንከራተታለህ ጋሼ?» አለ ደወል ገጣሚው። «ትንንሽ ማብሪያ እኔ ሳጥን ውስጥ እንደ ባቄላ ነው የሚታፈሰው! ለሦስቱም ለየራሳቸው እገጥምልሃለሁ። ሲያሻህ አንዱን፣ ሲያሻህ ሁለቱን፣ ሲያሻህ ሁሉንም!»

«የሰው በር መሰለህ እንዴ ይሄ? ሌላ ጊታር የለኝም እኮ።»

«ካበላሸሁት ዕድሜ ልኬን ስትጫወት አፌን ዘግቼ አዳምጥሃለሁ።»

«ኧረ ስጠው ጋሼ!» አለች ሚስት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «ቢያበላሸውም ትርፍ አለው።»

እና ቅዳሜ ማለዳ ሥራው ተጀመረ። የፕላስቲክ ሽፋኑን ሦስት ቦታ በሳና ማብሪያዎቹን ተከለ። መበየጃው ሲግል፣ የብየዳ እርሳሱ ሲቀልጥና ጭሱ አፍንጫው ሥር ሲሽከረከር ደወል ገጣሚው ያፏጫል። ከእያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት ሁለት ሽቦ ይወጣል። ዱሮ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነበር፤ ዕድሜ ሁሉንም ቡናማ አድርጎ አስታርቋቸዋል። እሱ ምን ገዶት! ደወል እንደሆነ ሁለቱን ሽቦ እንዳሻህ ብታገናኘው ይጮሃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጮህለት ኖሯል።

ጨርሶ ጊታሩን ሹፌሩ ከተወለት ድምፅ ማጉያ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘና ፒክአፖቹን በካቻቢቴ ጫፍ ኮርኮም፣ ኮርኮም አደረጋቸው። ቷ! ቷ! ቷ! ሦስቱም አቤት አሉ። ደወል ገጣሚው ወንበሩን እየዞረ ጨፈረ።

ሹፌሩ በስምንት ሰዓት ተኩል መጣ። ሚስት የመድረክ ሸሚዙን እየተኮሰች ነው። ጊታሩን አንጠልጥሎ አንደኛውን አበራ፤ ማር! ሁለተኛውን፤ ማር! ሦስተኛውን፤ ማር! ከዚያ አንደኛውንና ሁለተኛውን አንድ ላይ አበራ።

ድምፁ ኮሰሰ። ጣሳ ውስጥ የታሰረች ትንኝ ሆነ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቆይ... ቆይ እስቲ...» ደወል ገጣሚው ጆሮው ድረስ ቀላ። መልሶ ፈታ፣ ብየዳውን አንድ በአንድ ነካካ። የተነቀለ የለም። ሹፌሩ ሰዓቱን አየና እንደ ከሰረ ነጋዴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ...» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ያ የተዋጠ ነገር ደወል ገጣሚውን ከስድብ በላይ ወጋው።

«ለብቻ ለብቻ ጎበዝ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ልፍስፍስ» አለች ሚስት ካውያዋን እንደያዘች። «ልክ እናንተ ቁም ሳጥኑን ወደ ፎቅ ያወጣችሁ ቀን!»

«አሁን ምን አመጣው ቁም ሳጥኑን?» አለ ሹፌሩ።

«ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ተገትራችሁ የለ? አንተ ከላይ ትገፋለህ፣ እሱ ከታች ይገፋል። ሁለታችሁም ‹ግፋ እንጂ!› እየተባባላችሁ። ላብ በላብ ሆናችሁ ቁም ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም!»

ደወል ገጣሚው ካቻቢቴውን ጣለው።

«ገፊና ገፊ!» ብሎ ጮኸ። «ጋሼ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አብራ!»

ሹፌሩ አበራና ክሮቹን መታ። ሙሉ ድምፅ።

«አየህ? አንደኛው ነው በተቃራኒ የሚገፋብን! የሱን ሁለት ሽቦ አቀያይሬ ነው የበየድኩት። ደወል ግድ የለውም፣ ጊታር ግን... ኧረ እኔ ደንቆሮ! ኧረ የኔ እመቤት!» ሚስቱን ግንባሯን ስሞ ወደ መበየጃው ሮጠ። ካውያው ሸሚዙን ሳያቃጥል የተረፈው ለትንሽ ነው።

ሁለት ሽቦ ነቀለ፣ ሁለት ሽቦ አዟዙሮ በየደ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሹፌሩ ሦስቱንም ማብሪያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ክሮቹ ላይ በሙሉ መዳፉ ወረደባቸው።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው የአዝራር ጣሳ ዘሎ ወለሉን አዝራር በአዝራር አደረገው። ማንም አላነሳም። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ መታ፣ ደግሞ መታ።

«ሦስቱን ባንድ ላይ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «በል ና፣ አምፕሊፋየሩን በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ከቁም ሳጥኑ ወዲህ ሹፌሩ «ያዝልኝ» ብሎት አያውቅም። ደወል ገጣሚው ዘሎ ያዘ። ሚስት ሸሚዙን በአንድ እጅ ጊታሩን በሌላው አንጠልጥላ፣ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ጮኸች።

«ወደ አንድ ወገን! ሁለታችሁም ወደ ታች!»

ወረዱ። የሚገርመው፣ አንዴም አልቆሙም።