የጋማ ፍንዳታና የእትዬ ደስታ ምሳ ዕቃ

ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ አዋሳ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ዳዊት ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ ንግግር እንዳደርግ ጋብዞኛል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምሳ ዕቃ ታቅፈዋል።

«የመንገድ ስንቅ ነው እትዬ? እንግዲህ አብረን ልንበላ ነው!» ብዬ ቀለድኩ።

«የልጄ ነው። ጴንጤ ነው ብለው ከአዋሳ ወሰዱት። ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ነው ያለው ቢለኝ መጣሁ፤ የእስር ቤቱ ዘበኞች ግን ‹እዚህ የለም› ብለው ሙሉውን መለሱልኝ።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! እስር ቤት የገባ ምሳ ዕቃ ባዶውን ሲመለስ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ሙሉውን ሲመለስስ? ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። እትዬ ደስታ ይባላሉ፤ የዳዊት ጎረቤት ሆነው ተገኙ።

ቀትር፣ ሻሸመኔ

ኬላ ላይ ሹፌሩ «ሁላችሁም ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ፈታሹ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ዶሮውን በዱላ ነካካው። በዱላ! እትዬ ደስታ መልሰው ከደኑት።

ከሰዓት፣ አዋሳ

አዳራሹ ሞልቷል። መጀመሪያ መፈክር፣ ከዚያ ፊዚክስ። አሜሪካኖች በስውር የሚፈነዳ የኑክሌር ቦምብ ለመከታተል ሳተላይት እንደሰቀሉ፣ ጨረሩ ግን ከምድር ሳይሆን ከሰማይ እንደመጣባቸው ነገርኳቸው።

«በስመ አብ!» አለ አንዱ።

«አንዳንዱ ዓይን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ያልቃል፤ ሌላው እየተርገበገበ ይቆያል። ስለዚህ አጭርና ረጅም ብለው እየለዩት ነው። ምን እንደሚያፈነዳው ግን እስካሁን አልታወቀም። ቦግ ብሎ ይጠፋል። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ተራርቀው የሚበሩ መንኮራኩሮች፣ ወደ ቬነስ የተላኩት የሶቪየቶቹም ጭምር፣ ጨረሩን የያዙበት ሰዓት ይነጻጸራል። ጨረሩ የመጣው ቀድሞ በተሰማበት በኩል ነው፤ ዘግይቶ ወደተሰማበት አልፏል።»

ከጎረቤታቸው ከዳዊት ጋር የመጡት እትዬ ደስታ ከኋላ ተነሡ። «ልጄ፣ ለመኪና ድምፅም ይሠራል?»

ከፊት የተቀመጠው ካድሬ ዞሮ አፈጠጠባቸው። ጥያቄው ገብቶኛል፤ ልጃቸውን የወሰደውን መኪና ነው የሚሉት።

«ይሠራል እትዬ» አልኩ። «የሰሚዎቹ ሰዓት አንድ ከሆነ።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ መናኸሪያ

እትዬ ደስታ አዲስ ስንቅ ይዘው ከእኔው ጋር ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈሩ ነበር። ዕቃቸውን ከአውቶቡሱ ሲያወርዱ ደረስኩ።

«ምነው እትዬ?»

«ልጄን የወሰዱት ማታ በሰዓት እላፊ የሄደው መኪና አንድ ብቻ ነው። ጭስ ማውጫው የተቀደደ፣ ከተማ የሚቀሰቅስ። ሰውን ስጠይቅ አመሸሁ። መናኸሪያ ያሉት የሬዲዮ ዜና ሲጀምር ሰሙት፤ በደቡቡ መውጫ ቡሹሎ ያለችው እህቴ ዜናው ሊያልቅ ሲል። ሬዲዮው ለሁሉም አንድ ነው አይደል? ወደ ደቡብ ነው የወሰዱት! እኔ ሞኟ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።»

«እትዬ፣ ሰው እኮ ይሳሳታል...»

«አንተው አይደለህ ያልከው?»

የዲላው አውቶቡስ ይዟቸው ሄደ። እኔ ስለ ሰማይ ነው ያወራሁት! ብሳሳትስ? እናት ከእስር ቤት እስር ቤት ላንከራትት?

አዲስ አበባ

እስከ ቤቴ ድረስ አንድ ነገር አልቀመስኩም። ከቀናት በኋላ ዳዊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስልክ ደወለልኝ።

«እትዬ ደስታ ተመለሱ» አለኝ። «በደቡቡ መንገድ አንድ እስር ቤት ስንቁን ተቀበላቸው።»

«ምሳ ዕቃውስ?» አልኩት።

«ተመለሰ። የተጋጠ አጥንት ብቻ ነው ያለበት።»

መነጋገሪያውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።